ተመላላሽ

«አይ፣ እሷ እዚህ አትኖርም። ተመላላሽ ሠራተኛ ናት፤ ጠዋት መጥታ ማታ ትሄዳለች።»

ይህን በስልክ የተናገረችው የወንድሟ ሚስት ናት። የተነገረላት ሴት ደግሞ ደረጃው ሥር፣ የተተኮሰ አንሶላ እስከ አገጯ ታቅፋ ቆማ ትሰማለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚህ ቤት ውጭ ያደረችውን ሌሊት ቁጠሪ ብትባል፣ ትርፍ አንጀቷን ያወጡላት ጊዜ ሆስፒታል የተኛችባቸው አራት ሌሊቶች ናቸው፤ ሌላ የላትም። እናቷን እዚህ አስታማ ቀብራለች፣ አባቷንም እንደዚሁ። ታናሽ ወንድሟን ከዳዴ እስከ ኮሌጅ አድርሳለች። «እታለም» ብሎ የሰየማትም እሱ ነው፣ ገና አፉን ሲፈታ። ከሱ ወርሶ የሰፈሩ ሰው በሙሉ፣ ዳቦ ሻጩም፣ ቆጣሪ አንባቢውም፣ በዕድሜ የሚበልጧትም ሳይቀሩ እታለም ይሏታል። አሁን በጠዋቱ ተመላላሽ ሆና አረፈችው። ለአፍታ ያህል ወደ ሳሎን ገብታ አንድ ነገር ልትናገር አሰበች። ከዚያ አንሶላዎቹን ይዛ ወደ ፎቅ ወጣች። ምን ታድርግ? አልጋዎቹ ገና አልተነጠፉም።

ቤቱ የአያቷ ነው። አያትየው ቀያሽ ነበሩ። ችካላቸውንና ገመዳቸውን አሸክመው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ከለኩ በኋላ የመጀመሪያውን ካርታ የነደፉት ፎቅ ላይ ባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው ይባላል፤ ለዚህም ከበሩ ጎን «ታሪካዊ ቤት» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፏል። ሰሌዳው ከተለጠፈ ወዲህ ግድግዳ መንካት ክልክል ነው፣ መስኮት መቀየር ክልክል ነው፣ ያለ ደብዳቤ ቀለም መቀባት እንኳ ክልክል ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ከልካዮቹ የት እንደሚገቡ የሚያውቅ የለም። ሦስት ክረምት በባልዲና በሳፋ ታለፈ። እታለም ተኝታ የትኛው ጠብታ የትኛው ሳፋ ላይ እንዳረፈ በድምፁ ትለያለች፤ የሳሎኑ ወፍራም ነው፣ የኮሪደሩ ቀጭን ነው፣ የደረጃው ደግሞ ሁለት ሁለት እያለ ነው የሚወርደው። የሷ ክፍል ብቻ አያፈስም። ለምን እንደማያፈስ አባቷ ነግረዋት ነበር፤ አያትየው ያንን ክፍል የሠሩት ለሚስታቸው ስለሆነ ጣሪያውን ድርብ አድርገውት ነው።

ወንድም የሚኖረው ሌላ ሰፈር፣ አፓርታማ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ሰው ሲቀንስ እሱንም በእቅፍ አበባና በምስጋና ወረቀት ሸኘው። ሁለት ወር ፒጃማውን ለብሶ ከከረመ በኋላ አንድ እሁድ ሐሳብ ይዞ መጣ። የእንግዳ ማረፊያ፤ አልጋና ቁርስ። «ቤቱ ራሱን ያስተዳድር እታለም፤ ያለዚያ እላያችን ላይ ይፈርሳል» አላት። «እላያችን» ማለቱ ትንሽ አሳቃት፤ ቢፈርስ የሚፈርሰው እሷ ላይ ነው። ወንድም ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ሲያማት መድኃኒት ይዞ የሚመጣ፣ በበዓል በአሮጌ መኪናው አሳፍሯት የሚዞር ወንድም ነው። ስለዚህ ሦስት ገጽ ውክልና አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ፣ መነጽሯ ፎቅ ስለነበረ፣ ጣቱን ባሳያት ቦታ ሁሉ ፈረመች። ያሳደጉት ልጅ ጣቱን ባሳየበት ቦታ ለመፈረም መነጽር የሚያመጣ ማን ነው?

ነገሩ የተበላሸው ቅጹ ላይ ነው። «በቤቱ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ አለ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። አለ ያለ ሰው «ታሪካዊ የእንግዳ ማረፊያ» የሚለውን ፈቃድ አያገኝም። ወንድም እዚያ ላይ «የለም» ብሎ ሞላ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የክፍል ብዛት ነው፤ ቢያንስ አምስት፣ እያንዳንዱም ከአሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ያላነሰ። ቤቱ ለእንግዳ የሚሆን አራት ክፍል አለው። አምስተኛው የሷ ነው። ይህን የነገሯት ከሦስት ቀን በፊት ነው፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እየተቀባበሉ። ወንድም ሲናገር ዐይኑን የጣለው ጠረጴዛው ላይ ባለው የስኳር ዕቃ ላይ ነበር። «ተቆጣጣሪ መጥቶ ይለካል። ክፍልሽ ትንሽ ናት፣ ላታልፍም ትችላለች። ካላለፈች ያንቺው ናት፤ ታሪካዊ የሚለውን ትተን ተራውን ፈቃድ እናወጣለን። ካለፈች ግን ለጊዜው ጓሮ ያለውን ልብስ ማጠቢያ ቤት አሳምረን...» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ስኳር አማሰለ። ሳፋዎቹም የተቀመጡት «ለጊዜው» ነበር። እታለም ይህን አልተናገረችም። «እሺ» ነው ያለችው፤ ከእሺ ሌላ ቃል ለዚህ ልጅ ተናግራ ስለማታውቅ አፏ አልተሠራለትም።

እና ዛሬ ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን ነው። ክፍሏ ውስጥ ከገዛ አልጋዋ በቀር የሷ የሆነ ነገር አልቀረም፤ ልብሷና ጫማዋ፣ የእናቷ ፎቶና የመድኃኒት ቆርቆሮዋ በሁለት ከረጢት ታጭቀው ጓሮ ወርደዋል። አልጋው ላይ አዲስ ነጭ ትራስ፣ ትራሱ ላይ ደግሞ ወፍራም ካርድ ተቀምጧል፤ «ክፍል 5፤ ለአንድ አዳር ከቁርስ ጋር ሁለት ሺህ ስምንት መቶ»። ካርዱን አንስታ ሁለቴ አነበበችው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ በነፃ ስትተኛ መኖሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ አለች። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው፣ ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው የአባቷ ቁም ሳጥን ብቻ እንደ ድሮው ቆሟል፤ ለማንቀሳቀስ ከባድ ስለሆነ ትተውታል። አንሶላውን ዘረጋች፣ ጥጉን አጥፋ ፍራሹ ሥር ወተፈችው፣ በመዳፏ ጠረገችው። ለራሷ እንዲህ አድርጋ አንጥፋ አታውቅም።

የወንድም ሚስት ከኋላዋ መጣች። ሚስትየዋ ሦስት ወር የሆቴል ሥራ ኮርስ ወስዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ወንበር ስታነሳ እንኳ እንደ ኮርሱ ነው የምታነሳው። ባለቤቷ ብዙ ሲያወራ የምትጨርሰው እሷ ናት፤ የተበላሸውን የምታስተካክልም፣ ማታ ማታ እንቅልፍ አጥታ ወገቧን የምትይዝም እሷው ናት። «እትዬ፣ ታች ሆነው ሰምተውኝ ይሆናል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለወረቀቱ ነው። ለዛሬ ብቻ ነው። ሰውየው ፊት እትዬም እታለምም አንልዎትም፣ አይቀየሙን።» ከዚያ ግራጫ ሽርጥ አውጥታ አሰረችላት። ከኋላ ስታስርላት ቋጠሮውን ሁለቴ ፈትታ መልሳ አሰረችው፤ እታለም ይህን አወቀችና ጭራሽ እሷው አዘነችላት።

ወርደው አዲሱን የበር መጥሪያ አስጠናቻት። ውጭ ያለ ሰው ቁልፉን ሲጫን ውስጥ ያለችው ሳጥን ትጮኻለች፤ ማንሳት፣ «እንኳን ደህና መጡ፤ ቦታ ይዘዋል?» ማለት፣ ከዚያ ክቧን ቁልፍ መጫን ነው፤ የውጭ በር በራሱ ይከፈታል። ወንድም ውጭ ወጥቶ ተጫነ። የገባው ድምፅ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው፤ እሱ ይሁን ሌላ ሰው አይለይም። «እኔ ነኝ፣ ተሰማሽ?» ይላል። ሦስቱም ሳቁ። የዚያን ቀን አብረው የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። አዲሱ በር የተሰጠው ሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱን ወንድም፣ አንዱን ሚስትየዋ ያዙ። «እርስዎ መቼም ሁልጊዜ ውስጥ ነዎት» አለች ሚስትየዋ፣ እታለምም በእውነት ተስማማች። ቁልፍ ኖሯት አያውቅም። የዚህ ቤት ቁልፍ እሷ ነበረች፤ ማንም ቢመጣ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ የምትከፍተው እሷ ናት።

ተቆጣጣሪው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። አርባ የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፣ ወገቡ ላይ ሜትር አንጠልጥሏል። በሩ ላይ ጫማውን ረጅም ጊዜ ጠረገና እጁን ለሁሉም፣ ለእታለምም ጭምር፣ ዘረጋ። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ» አላት። ወንድም ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አንቺ፣ ውሃ አምጪለት» አለ። «አንቺ» ሁልጊዜም ይላታል፤ ግን ሁልጊዜ እታለም ቀድሞት ነው። ዛሬ ብቻውን ሲወጣ ሌላ ቃል ሆነ። ውሃውን ልታመጣ ሄደች። ብርጭቆውን አንስታ ወደ ብርሃን አየችው፣ በፎጣ ደግማ ወለወለችው፣ ከሥሩ ሰሃን አደረገችለት። ተቆጣጣሪው ተነስቶ ነው የተቀበላት።

ልኬቱ ተጀመረ። እሱ ሜትሩን ይስባል፣ ጫፉን የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ሚስትየዋ ወረቀት ይዛለች፣ ወንድም ስለ አያቱ እያወራ ነው፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው ዞር ብሎ «እናቴ፣ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ» አላት። እታለም የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ግድግዳው ላይ ለጥፋ ያዘች። ክፍል አንድ፣ ሃያ ካሬ። ክፍል ሁለት፣ አሥራ ስድስት ተኩል። ሦስትና አራት አለፉ። ወንድም በየክፍሉ «አያቴ ይህን ሲሠሩ» እያለ ይጀምርና ከመጽሐፍ እንዳጠናው ሁሉ ያቋርጠዋል፤ እውነትም አጥንቶት ነው፣ ትናንት ማታ ከእሷ። ስለ አንድ ምሰሶ ተጠይቆ መልስ ሲያጣ ሳያስበው ዞሮ አያት። እሷ ዐይኗን ሰበረች። ሠራተኛ ምን ያውቃል?

ከዚያ አምስተኛው ክፍል ገቡ። እታለም የሜትሩን ጫፍ እራስጌዋ ያለው ግድግዳ ላይ ለጠፈች፣ ማታ ማታ እጇን ዘርግታ በምትነካው ቦታ ላይ። ልቧ በጣም ይመታ ነበር፤ ሰውየው በሜትሩ በኩል የሚሰማው መሰላት። «ሦስት ሜትር» አለ። ዞረው ያዙ። «ሦስት ከአሥር። ዘጠኝ ካሬ ከሠላሳ።» ወረቀቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይቺ አታልፍም።»

ሚስትየዋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። እታለም ግን፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ደስታ ከመቼ ወዲህ እንዳልተሰማት አታውቅም፤ ከእግሯ ጀምሮ እየሞቀ ወጣ። ዛሬ ማታ ከረጢቶቹን ይዛ ትመለሳለች፤ የእናቷን ፎቶ ቦታው ላይ ትሰቅላለች፤ ይህን ነጭ ትራስ ከአልጋዋ ላይ ታነሳለች። የሜትሩን ጫፍ ለቀቀችው፣ ሜትሩም እየተንሿሿ ወደ ሰውየው ወገብ ገባ። እዚህ ላይ ሁሉም ወጥተው ቢሆን ኖሮ የሚወራ ነገር ባልነበረ። ተቆጣጣሪው ግን ትሑት ሰው ነው፣ የሰው ልብ ሰብሮ መውጣት አልፈለገም፤ ሊያጽናና ብሎ ዙሪያውን ቃኘና፣ «የሠራተኛ ክፍል የነበረች ናት አይደል? አይደንቅም፤ የድሮ ሰዎች ለሠራተኛ ሲሠሩ ቆጠብ ይላሉ» አለ።

ወንድምም መለሰ። በዚህ ክፍል፣ በዚህ አልጋ ላይ የተወለደው ወንድም፣ «አዎ፣ ዕቃ ቤት ነገር ነበር መሰለኝ» አለ።

እታለም መጀመሪያ ወንድሟን አየችው። ላብ አጥምቆታል፤ ነገሩ እንዲያልቅለት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሌላ ክፋት የለውም። ይህን ሁሉ አየች፣ ገባትም። ነገር ግን እናቷ በዚህ ክፍል አሥራ አንድ ወር ተኝታ አልቃለች። አያቷ ይህን ጣሪያ ድርብ አድርገውታል። ስለ እሷ ተመላላሽ ቢሉ ውጣ ልታልፈው ቻለች፤ ስለ ክፍሉ ግን አልቻለችም።

«ዕቃ ቤት አይደለም» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ ቀጠለች ግን። «ቀያሹ ለሚስታቸው የሠሩት ክፍል ነው። አሥራ ሁለት ካሬ ከአሥራ አምስት ነው። ያነሰብዎት ቁም ሳጥኑ ስለዘጋው ነው፤ ከጀርባው ጓዳ አለው፣ መስኮት ያለው። ብርሃን የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስፌት ለመስፋት...» ብላ በመሃል አቆመች። ምን እንዳለች የገባት ያኔ ነው። ከአንገቷ በታች ያለው ሙቀት ሁሉ እንደ ውሃ ፈሶ ወረደ።

«እንዴት አወቁ?» አለ ተቆጣጣሪው።

እታለም ሽርጧን ዳሰሰች። «ሳጸዳ አይቼ ነው» አለች።

ያወቀችውስ እንዲህ ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ እናቷ በዚያ ጓዳ ትሰፋ ነበር፣ እሷም ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትለቅማለች። ወንድሟ ዳዴ ማለት የጀመረ ሰሞን አንድ ቀን መርፌ አንስቶ ወደ አፉ ሲወስድ ያየችውና የጮኸችው እሷ ናት። መርፌው ከንፈሩ ላይ ነበር። አባቷ የዚያኑ ዕለት ከሥራ እንደገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁም ሳጥኑን ገፍተው ጓዳውን ዘጉት፤ መስኮቱንም በጣውላ መቱት። ለጊዜው ነው ብለው ነበር፣ ልጁ እስኪያድግ። እናቷ ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ሰፋች። ልጁ አደገ፣ ቁም ሳጥኑ ግን እዚያው ቀረ። ለእሱ ሲባል ጓዳ መዘጋቱን ማንም አልነገረውም፤ መነገር ያለበት ነገር መሆኑ ለማንም አልታሰበም።

ወንዶቹ ቁም ሳጥኑን ትከሻቸውን ሰጥተው ገፉት። እግሮቹ ወለሉን እየቧጠጡ ጮኹ። ከኋላው የሃምሳ ዓመት አቧራ፣ በጣውላ የተመታች ትንሽ መስኮት፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ሦስት ባዶ የክር ጥቅልሎች ብቅ አሉ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ፣ በአያትየው ቀጥ ያለ እጅ ጽሑፍ፣ የክፍሉ ልኬት ከነድምሩ ተጽፏል። ተቆጣጣሪው እንደ ልጅ ተደሰተ። ሜትሩን አወጣ፣ «እናቴ፣ ጫፏን» አላት፣ እሷም ያዘች። አንድ ሜትር ከዘጠና፣ በአንድ ተኩል። ደመረ። ግድግዳው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ነው፣ እሷ ካለችውም ጋር። «አልፋለች» አለ። «እንዲያውም ከቤቱ ሁሉ ታሪካዊ የምትባለው ይቺ ናት።» ሚስትየዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ መጣ። ደስታ ብቻ አይደለም፣ ድካምም ነው። ከዚያ ካርዱን ከትራሱ ላይ አንስታ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ የሚለውን ሰረዘችና ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብላ ጻፈች፤ ከበላዩም «የቀያሹ ጓዳ» የሚል ጨመረችበት። ወንድም ጎንበስ ብሎ አንዱን የክር ጥቅልል አነሳ። ዳበሰው፣ አየው፣ ኪሱ ከተተው። እታለም ቀና ብሎ እንዲያያት ጠበቀች። አላያትም።

የመጨረሻው ወረቀት ሳሎን ተሞላ። ተቆጣጣሪው ጮክ ብሎ እያነበበ ይጽፋል። የሠራተኛ ብዛት፣ አንድ። የማደሪያ ሁኔታ፣ ተመላላሽ። «ልክ ነው?» ብሎ የጠየቀው ወንድምን ነው። ወንድም «ልክ ነው» አለ። እታለም ሻይ እየቀዳች ነበር፣ አልፈሰሰባትም። ለአሥራ ሁለት ሰዓት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ቀጠሮ አላቸው፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ የወንድም ሚስት ፈቃዱን ሳትጠብቅ ማስታወቂያውን ለቃው ነበር። አሁን አምስተኛውን ክፍል እንስጣቸው እያለች መስኮቱን የሚነቅል አናጺ በስልክ ትጠራለች። ነገሩ ሁሉ እንዲህ በፍጥነት ሲሄድ፣ አንድ ሰው ቆም ብሎ «እታለም ዛሬ የት ታድራለች?» ቢል ኖሮ ይሉኝታ ይዟቸው ምናልባት... ግን ማን ይበል? የሚለውን ሰው አሁን ተመላላሽ ብለው ጽፈውታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ማኅደሩን ዘግቶ ተነሳ። በሩ ላይ ደርሶ ወደ እታለም ዞረ። «እናቴ፣ ሥራ የሚጨርሱበት ሰዓት አይደል? መኪናዬ ባዶ ናት፤ መንገድዎ በየት በኩል ነው? ላድርስዎት።»

ወንድም አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ አየ። ሚስትየዋ ወደ ማኅደሩ አየች። እታለም ሁለቱንም ጠበቀቻቸው፤ ከሚገባው በላይ ጠበቀቻቸው። ሚስትየዋ በመጨረሻ ፈገግ አለች፣ ከኮርሱ የተማረችው ፈገግታ ሳይሆን አይቀርም፤ «ዕድለኛ ነሽ ዛሬ» አለች፣ «ሂጂ እንግዲህ። ነገ በጊዜ ነይ።» ወንድምን ካገባች በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንቺ ስትላት የመጀመሪያዋ ነው። እታለም ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ በነጠላ ጫማዋ፣ ቦርሳ ሳትይዝ ወጣች። ከሰው ቤት የምትሄድ ሴት ቦርሳ ትይዛለች፤ ይህን አንዳቸውም አላሰቡትም።

መኪናው ውስጥ ሰውየው ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት። «ብዙ ዓመት ሆነዎት እዚያ ቤት?» አላት። «ቆየሁ» አለች። «ልጆች አሉዎት?» «አንድ አሳድጌያለሁ።» ጎበዝ ልጅ እንደሆነ ጠየቃት፤ ጎበዝ ነው አለች፣ እውነቷን ነው። ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ «የሰው ቤት እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ሰው ዛሬ የለም» አላት። «እንደ ገዛ ቤትዎ ነው የያዙት። ለባለቤቶቹ ነግሬያቸዋለሁ፣ ይቺን ሴት እንዳትለቋት ብዬ።» እታለም አመሰገነችው። ቀኑን ሙሉ በክብር ያናገራት እሱ ነው፤ ክፍሏን የወሰደባትም እሱ ነው፣ ሳያውቅ። እሱን መቀየም አልቻለችም፣ ወንድሟንም አልቻለችም፤ ቂሟን የምታሳርፍበት ሰው አጥታ መስኮቱን ታያለች። የት እንደሚያወርዳት ሲጠይቃት የሰፈር ስም አልመጣላትም። የምታውቀው መድኃኒቷ የሚገዛበትን ትልቁን ፋርማሲ ነው። «ፋርማሲው ጋ» አለች። «ከዚያ ቅርብ ነው?» «ቅርብ ነው።» ወረደች። እሱም ጨዋ ሰው ነውና እስክትሻገር ቆሞ ጠበቃት፣ ስለዚህ መሻገር ነበረባት። ወደማታውቀው ቅያስ ገብታ፣ ከአንድ የማታውቀው አጥር ሥር ቆማ፣ መኪናው እስኪሄድ ጠበቀች።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል በእግሯ ተመለሰች። ነጠላ ጫማው ጣቷን ልጧታል። የሰፈሯ መግቢያ ላይ ዳቦ ሻጩ መዝጊያውን ሊያወርድ ሲል አያት። «እታለም! ምነው በዚህ ሰዓት ውጭ?» አላት፣ በእርግጥም ደንግጦ። «ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው» አለችው። ሽርጡን አየ፣ እግሯን አየ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ትኩስ የቀረ ዳቦ አለኝ ውሰጂ አላት፤ አይ፣ ነገ እመጣለሁ አለችው። ነገ መምጣቷን ስትናገር ከየት እንደምትመጣ ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

ከቤቱ ማዶ ስትደርስ ቆመች። ቤቷን ከዚህ በኩል አመሻሽ ላይ አይታው አታውቅም፤ በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ውስጥ ሆና መብራት የምታበራው እሷ ናት። የነሐሱ ሰሌዳ ተወልውሎ ያበራል። ግቢው ውስጥ የእንግዶቹ መኪና ቆሟል። ፎቅ ላይ፣ ከትልቁ መስኮት ጎን፣ ሃምሳ ዓመት ጨልማ የኖረችው ትንሿ መስኮት በርታለች። ጣውላውን ነቅለውላታል። አንዲት ሴት፣ የማታውቃት ሴት፣ ወደ መስኮቷ መጥታ ወደ ውጭ አየችና ለውስጡ ሰው ዞራ አንድ ነገር ተናገረች፤ ክፍሉ እንዳማራት ከአኳኋኗ ያስታውቃል። እታለም ክፍሉ ስላማራት ደስ አላት። በዚህ ራሷን ታዘበችው።

ተሻግራ በሩ ላይ ደረሰች። በእጇ ልትገፋው ሞከረች፣ አዲስ በር ነው፣ አልነቃነቅ አለ። ቁልፍ የላትም። መጥሪያውን ተጫነች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ድምፁ፣ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሆኖ። ድምፁ ባይለይም ወንድሟ መሆኑን አወቀች። ከኋላው የሹካና የሰሃን ድምፅ፣ የእንግዶች ሳቅ ይሰማል። «ቦታ ይዘዋል?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ይቅርታ፣ አልተሰማኝም። ማን ልበል?»

ማን ይበል? እታለም እንዳትባል እንግዳ ፊት ተከልክሏል፣ እንግዶቹም እዚያው አጠገቡ ናቸው። እህትህ ብትል ወረቀቱ ላይ የለችም። እናቷ ያወጣችላት ስም አለ፤ ግን እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም፣ በዚህ በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥታ ልትጠቀምበት አፈረች። አፏን ወደ መጥሪያው አስጠጋች።

«ሠራተኛዋ ነኝ» አለች። «ተመላላሿ።»

ከወዲያ በኩል ዝም አለ። ሹካውና ሳቁ ይሰማል፣ እሱ ግን ዝም ብሏል፤ እንዳወቃት ከዝምታው ገባት። አንድ ቃል እንዲናገር ጠበቀችው፣ አሁንም ከሚገባው በላይ ጠበቀችው። ቆይቶ ክቧን ተጫናት መሰለኝ፣ በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ።